የፕሮግራም ላይብረሪዎችን በልዩ ልዩ ሥርዓተ ክወናዎች ፈልጎ ስለማግኘትና ስለማገናኘት

1. መግቢያ

ኮምፒዩተር በትምህርት ቤቶችና በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ለማስተማሪያነት መዋል ከጀመረ ወዲህ፣ የመምህሩ ኀላፊነት ትምህርቱን ከማዘጋጀት አልፎ መሣሪያውን ለክፍለ ጊዜው ዝግጁ እስከ ማድረግ ደርሷል። በዚህ ረገድ ደጋግሞ ከሚያጋጥሙት ችግሮች አንዱ የማሽን ብልሽት ሳይሆን፣ በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ ያለ እንከን የሚሠራ ፕሮግራም በሌላው ላይ አልነሣም ማለቱ ነው። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው መልእክት አጭር ነው፤ ይኸውም ስሙ የተጠቀሰ አንድ ፋይል ስላልተገኘ ፕሮግራሙ ሊጀምር አይችልም የሚል ነው።

ከዚህ በኋላ የሚወሰደው እርምጃ ብዙውን ጊዜ ከችግሩ ጋር አይመጣጠንም። ፕሮግራሙ ደጋግሞ ይጫናል፤ ይህ ካልበጀ ሥርዓተ ክወናው ራሱ እንደ አዲስ ይጫናል፤ አለዚያም ኮምፒዩተሩ «ተበላሽቷል» ተብሎ ከጥግ ይቀመጣል። ተማሪዎቹም የተመደበላቸው ክፍለ ጊዜ እየተመለከቱት ያልፋል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በቅርብ ሲመረመር አንዳች የጠፋ ነገር ላይኖር ይችላል። የተፈለገው ፋይል በዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ፈላጊው ሌላ ቦታ ስለሚፈልገው ብቻ «የለም» ይባላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፍለጋው በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክኦኤስ እንዴት እንደሚካሄድ ማስረዳት፣ ስሕተቶቹን በየዓይነታቸው መለየትና ለመምህሩም ሆነ ለዕቅድ አውጪው የሚጠቅመውን ማመልከት ነው።

2. ለማብራሪያ የተመረጠው ምሳሌ

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት ቴሰራክት የተባለውን ፕሮግራም መውሰድ ይቻላል። ቴሰራክት በምስል መልክ የተቀመጠን ጽሑፍ አንብቦ ወደሚታረምና ወደሚፈለግ ፊደል የሚመልስ ፕሮግራም ነው። በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1994 ድረስ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ2005 ምንጩ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። በ2018 የወጣው 4ኛው እትም የንባብ ዘዴውን በመሠረቱ ያሻሻለ ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ከሚያነባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛና ትግርኛ ይገኙበታል። በወረቀት ብቻ የሚገኙ የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍትን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ለሚያስብ ኮሌጅ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ነገር ግን ቴሰራክት አንድ ራሱን የቻለ ፋይል አይደለም። ምስሉን የሚከፍትለትና የሚያስተካክልለት ሌፕቶኒካ የሚባል ሌላ ላይብረሪ ነው። ሌፕቶኒካም በበኩሉ የፒኤንጂ፣ የጄፔግና የቲፍ ምስሎችን ለመክፈት በየስማቸው የተሠሩ ሌሎች ላይብረሪዎችን ይጠራል። ከእነዚህ አንዱ ቢጓደል ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ አማርኛውም አይነበብም።

3. የላይብረሪ ምንነትና ሁለቱ የማያያዣ መንገዶች

በፕሮግራም ሥራ ላይብረሪ ማለት ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚገለገሉባቸው ተግባራት ተሰብስበው የሚቀመጡበት ፋይል ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚወሳው በቀጥታ ወደ ፕሮሰሰሩ ቋንቋ የተተረጐመው ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ላይብረሪ ለአንድ ዓይነት ፕሮሰሰርና ለአንድ ሥርዓተ ክወና የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ለዊንዶውስ የተሠራው በሊኑክስ ላይ አይሠራም።

ፕሮግራም ከላይብረሪ ጋር የሚያያዝባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የማይለወጥ ማያያዝ ነው። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው የላይብረሪው ክፍል ተገልብጦ በፕሮግራሙ ውስጥ ይገባል። ፕሮግራሙ መጠኑ ይተልቃል፤ ሆኖም የትም ቢወሰድ ስንቁን ይዞ የሚሄድ መንገደኛን ይመስላል። ጉዳቱ በላይብረሪው ውስጥ ስሕተት ሲገኝ የገለበጡት ፕሮግራሞች ሁሉ እንደገና መሠራት የሚኖርባቸው መሆኑ ነው። ሁለተኛው ተለዋዋጭ ማያያዝ ነው። በዚህኛው ፕሮግራሙ የላይብረሪውን ስም ብቻ ይይዝና በሚነሣበት ሰዓት ያስፈልገዋል። አንድ ላይብረሪ ብዙ ፕሮግራሞችን ያገለግላል፤ ሲታረምም ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይታረማል። ሐሳቡ በ1960ዎቹ በመልቲክስ ሥርዓት ውስጥ የታየ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስና በ1988 በወጣው ሰንኦኤስ 4.0 አማካይነት ወደ ሰፊ አገልግሎት ገብቷል።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ፍሬ ነገር ማገናኘት በሁለት የተለያዩ ጊዜያት የሚካሄድ መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜ አያያዡ ላይብረሪውን ፈልጎ ስሙን በፕሮግራሙ ውስጥ ይመዘግባል። ፕሮግራሙ በሚነሣበት ጊዜ ደግሞ ጫኚው በዚያ ስም መሠረት እንደገና ይፈልጋል። የመጀመሪያው ፍለጋ መሳካቱ ለሁለተኛው ዋስትና አይሆንም። በሠሪው ኮምፒዩተር ላይ በደንብ የሠራው ፕሮግራም በተማሪው ኮምፒዩተር ላይ የሚወድቅበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው።

4. በሦስቱ ሥርዓተ ክወናዎች ያለው የፍለጋ ሥርዓት

አንድ መምህር ሦስት ተማሪዎችን መጽሐፍ እንዲያመጡ ላካቸው እንበል። ለመጀመሪያው የመጽሐፉን ስም ብቻ ይነግረዋል፤ ተማሪውም ክፍሎቹን በተሰጠው ተራ እያሰሰ በመጀመሪያ ያገኘውን ያመጣል። ለሁለተኛው ስሙንና የስንተኛ እትም እንደሆነ ይነግረዋል። ለሦስተኛው መጽሐፉ የተቀመጠበትን ክፍልና መደርደሪያ ለይቶ ይነግረዋል። ዊንዶውስ የመጀመሪያውን፣ ሊኑክስ ሁለተኛውን፣ ማክኦኤስ ሦስተኛውን ተማሪ ይመስላል።

ሀ. ዊንዶውስ

በዊንዶውስ ተለዋዋጭ ላይብረሪዎች የሚታወቁት «ዲኤልኤል» በሚለው የስም መጨረሻ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ የሚመዘገበው በተለመደው አሠራር የፋይሉ ስም ብቻ ነው። ጫኚው ላይብረሪው ቀድሞ ሜሞሪ ውስጥ አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ በሚከተለው ተራ ይፈልገዋል፦ በመጀመሪያ ፕሮግራሙ ያለበትን ፎልደር፣ ቀጥሎ «ሲስተም32» የተባለውን የሥርዓቱን ፎልደር፣ ከዚያ የዊንዶውስን ፎልደር፣ በመቀጠል በዚያ ሰዓት የተከፈተውን የሥራ ፎልደር፣ በመጨረሻም «ፓዝ» በተባለው ዝርዝር ውስጥ የተመዘገቡትን ፎልደሮች ይመለከታል።

ይህ ተራ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ቀድሞ የሥራው ፎልደር ከሥርዓቱ ፎልደር በፊት ይፈተሽ ስለነበር፣ ተንኰለኛ ሰው የታወቀ ስም የሰጠውን ጎጂ ፋይል ከሰነዶች መካከል በማስቀመጥ ሳይታወቅ እንዲጫን ማድረግ ይችል ነበር። ለኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሁለተኛው የአገልግሎት ማሻሻያ ቅደም ተከተሉን ወደ አሁኑ ለውጦታል።

ከዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ብዙዎቹ የሚያውቁት «ቪሲራንታይም140» የተባለው ፋይል አልተገኘም የሚለው መልእክት ነው። ይህ ፋይል በቪዥዋል ስቱዲዮ 2015ና ከዚያ ወዲህ በወጡት እትሞች የተሠሩ ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት መሠረታዊ ላይብረሪ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት በነፃ በሚያድለው የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ጥቅል ውስጥ ይገኛል። ፋይሉን ለብቻው ከማይታወቅ ቦታ አውርዶ ወደ ሥርዓቱ ፎልደር መገልበጥ የተለመደ ቢሆንም አደገኛ ነው። ምንጩ ያልታወቀ ላይብረሪ ፕሮግራሙ ያለውን ሥልጣን ሁሉ ይዞ የሚሠራ በመሆኑ፣ በር ከፍቶ እንግዳ እንደማስገባት ይቈጠራል።

ለ. ሊኑክስ

በሊኑክስ የላይብረሪ ስም በ«ሊብ» ይጀምርና በ«ኤስኦ» ያበቃል፤ ከዚያም የእትም ቍጥር ይከተላል። «ሊብቴሰራክት.ኤስኦ.4» እና «ሊብቴሰራክት.ኤስኦ.5» የተለያዩ ስሞች በመሆናቸው በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። በፕሮግራሙ ውስጥ የሚመዘገበው ይህ ባለ ቍጥር ስም ነው። በዚህ ምክንያት 4ኛውን የሚሻ ፕሮግራም 5ኛው ቢቀርብለት አይቀበልም። ለምሳሌ ኡቡንቱ 22.04 ይዞት የወጣው ቴሰራክት 4ኛው እትም ሲሆን፣ ኡቡንቱ 24.04 ይዞት የወጣው 5ኛው ነው። በአንደኛው ላይ የተሠራ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲገለበጥ ለምን እንደማይነሣ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ቍጥር የሌለው «ሊብቴሰራክት.ኤስኦ» የሚለው ስም ደግሞ በፕሮግራም ሥራ ጊዜ አያያዡ የሚፈልገው ሲሆን፣ በዴቢያንና በኡቡንቱ የሚመጣው ለፕሮግራም ሠሪዎች ከተለየው ጥቅል ጋር ነው።

ፍለጋው የሚጀምረው በፕሮግራሙ ውስጥ በቀድሞው ዘዴ የተጻፈ የፍለጋ መንገድ ካለ ከእርሱ ነው። ቀጥሎ «ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ» የተባለው ተለዋዋጭ ይታያል፤ ከዚያ በፕሮግራሙ ውስጥ በአዲሱ ዘዴ የተጻፈው መንገድ፣ ከዚያ «ኤልዲኮንፊግ» በተባለው ትእዛዝ የሚዘጋጀው ማውጫ፣ በመጨረሻም መደበኞቹ «ሊብ» የተባሉት ፎልደሮች ይፈተሻሉ። ከዊንዶውስ የሚለየው ትልቁ ነጥብ ፕሮግራሙ ያለበት ፎልደር በራሱ የማይፈተሽ መሆኑ ነው። ከዊንዶውስ የመጣ ሰው ላይብረሪውን ከፕሮግራሙ አጠገብ አስቀምጦ «እዚሁ እያለ እንዴት አልተገኘም?» ብሎ የሚገረመውም ለዚህ ነው። አዲስ ላይብረሪ በመደበኛው ፎልደር አስቀምጦ «ኤልዲኮንፊግ»ን አለማስኬድም፣ አዲስ መጽሐፍ በመደርደሪያ አስቀምጦ በካታሎጉ እንዳለመመዝገብ ያለ ነው።

ሐ. ማክኦኤስ

በማክኦኤስ የላይብረሪ ስም መጨረሻ «ዳይሊብ» ነው። እያንዳንዱ ላይብረሪ የሚቀመጥበትን ሙሉ አድራሻ በውስጡ ይይዛል፤ አያያዡም ይህን አድራሻ ወደ ፕሮግራሙ ይገለብጠዋል። ላይብረሪው ከዚያ ቦታ ከተነሣ ፕሮግራሙ አያገኘውም። ይህን ግትርነት ለማላላት እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው 10.5 ጀምሮ «አርፓዝ» የተባለ ዘዴ ተጨምሯል። በዚህ ዘዴ አድራሻው ከፕሮግራሙ አንጻር ሊሰጥ ስለሚችል፣ ፕሮግራሙና ላይብረሪው አብረው ቢዛወሩ አይለያዩም።

በቅርብ ዓመታት ሁለት ለውጦች ብዙ ሰዎችን አደናግረዋል። አንደኛው አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 የራሱን ፕሮሰሰር በኮምፒዩተሮቹ ላይ መግጠም ሲጀምር፣ ሆምብሩ የተባለው የፕሮግራም ማከፋፈያ በኢንቴል ማሽኖች ይገለገልበት ከነበረው ፎልደር የተለየ ፎልደር በአዲሶቹ ላይ መጠቀሙ ነው። የድሮው አድራሻ የተጻፈበት የማስተማሪያ ጽሑፍ በአዲሱ ማሽን ላይ አይሠራም። ሁለተኛው በዚያው ዓመት ከወጣው ማክኦኤስ 11 ጀምሮ የሥርዓቱ የራሱ ላይብረሪዎች በዲስኩ ላይ በተናጠል ፋይልነት የማይታዩ መሆናቸው ነው፤ በአንድ የጋራ ክምችት ውስጥ ተጠቃለው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ፋይሉ በዓይን አለመታየቱ ላይብረሪው ላለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም።

5. አንድ የሚመስሉ አምስት ስሕተቶች

«አልተገኘም» የሚለው መልእክት ከሥሩ አምስት የተለያዩ ጉዳዮችን ሊሸፍን ይችላል። መፍትሔያቸው የተለያየ ስለሆነ መለየታቸው ግድ ነው።

ሀ. ላይብረሪው ፈጽሞ አልተጫነም። መፍትሔው ከትክክለኛው ምንጭ መጫን ነው።

ለ. ላይብረሪው አለ፤ ነገር ግን በፍለጋው መንገድ ላይ አይደለም። መፍትሔው መንገዱን ማሳየት እንጂ ደግሞ መጫን አይደለም።

ሐ. ላይብረሪው ተገኝቷል፤ ነገር ግን የፕሮሰሰሩ ዓይነት አይገጥምም። 32 ቢት የሆነ ፕሮግራም 64 ቢት የሆነ ላይብረሪ ሊጭን አይችልም፤ የተገላቢጦሹም እንዲሁ ነው። በ64 ቢት ዊንዶውስ ይህን ይበልጥ የሚያወሳስበው የስም አሰጣጡ ነው። «ሲስተም32» የሚባለው ፎልደር የ64 ቢት ላይብረሪዎችን ሲይዝ፣ የ32 ቢቶቹ ያሉት «ሲስዋው64» በሚባለው ውስጥ ነው። በስሙ ተመርቶ የሚገለብጥ ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል።

መ. ላይብረሪው ተገኝቷል፤ እትሙ ግን አይገጥምም። በሊኑክስ በአዲስ ሥርዓት ላይ የተሠራ ፕሮግራም ወደ አሮጌ ሥርዓት ሲወሰድ፣ የ«ጂሊብሲ» 2.34 እትም አልተገኘም የሚል መልእክት ሊወጣ ይችላል። ጂሊብሲ የሊኑክስ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ የቆሙበት መሠረታዊ ላይብረሪ ሲሆን፣ 2.34 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። አዲሱ ጂሊብሲ ለአሮጌ ፕሮግራም ያገለግላል፤ አሮጌው ግን ለአዲስ ፕሮግራም አያገለግልም። ስለዚህ ለብዙ ኮምፒዩተሮች የሚታደል ፕሮግራም ከሁሉ በሚያረጀው ሥርዓት ላይ ቢሠራ ይመረጣል።

ሠ. የተጠራው ላይብረሪ አለ፤ የጐደለው እርሱ የሚጠራው ሌላው ነው። ቴሰራክት ተገኝቶ ሌፕቶኒካ ቢጠፋ፣ በአንዳንድ ፕሮግራሞች መልእክቱ የሚወቅሰው ቴሰራክትን ነው። መምህሩም በዓይኑ የሚያየው ፋይል «የለም» ሲባል ግራ ይጋባል።

6. በፓይተንና በጃቫ ስለሚደረግ ጥሪ

በትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚለማመዱበት ፓይተን ወደ ፕሮሰሰር ቋንቋ የተተረጐሙ ላይብረሪዎችን መጥራት ይችላል። ለዚህ የሚያገለግለው «ሲታይፕስ» እ.ኤ.አ. በ2006 ከወጣው ፓይተን 2.5 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። በ2019 የወጣው ፓይተን 3.8 ግን በዊንዶውስ ላይ አንድ ትልቅ ለውጥ አድርጓል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ዓይነት ጥሪ ጊዜ «ፓዝ» የተባለው ዝርዝርና የሥራው ፎልደር አይፈተሹም፤ ተጨማሪ ፎልደር የሚፈለግ ከሆነ ለዚሁ በተዘጋጀው ትእዛዝ በግልጽ መነገር አለበት። ለውጡ የተደረገው ለደኅንነት ሲባል ነው። የሆነ ሆኖ «ፓዝ ላይ ጨምር» የሚለው የቆየ ምክር ብቻውን በቂ መሆኑ ቀርቷል። የዚህ እትም የስሕተት መልእክት «ወይም ከሚጠራቸው አንዱ» የሚል ትርጉም ያለው ሐረግ መጨመሩ በተራ ፊደል ሠ የተጠቀሰውን ችግር ለመለየት ይረዳል።

ጃቫ በበኩሉ የላይብረሪውን ስም ያለ መነሻና ያለ መድረሻ ይቀበልና፣ «ሊብ»ንም ሆነ «ዲኤልኤል»ን እንደ ሥርዓተ ክወናው ራሱ ይጨምራል። የሚፈልገውም ለዚሁ በተለየው የጃቫ የላይብረሪ መንገድ ላይ ነው። ነገር ግን ይህ መንገድ የሚያገለግለው በቀጥታ ለተጠራው ላይብረሪ ብቻ ነው። ያ ላይብረሪ የሚጠራቸው ሌሎች የሚፈለጉት በሥርዓተ ክወናው ሕግ መሠረት ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

7. ከዚህ የሚገኙ ተግባራዊ ትምህርቶች

መምህሩ ችግር ሲያጋጥመው በሚከተለው ተራ ቢሠራ ጊዜውን ያተርፋል። በመጀመሪያ የመልእክቱን ቃል ሳያሳጥር ይጻፍ፤ የፋይሉ ስምና የእትሙ ቍጥር ዋናው ፍንጭ ነው። ቀጥሎ ፋይሉ በኮምፒዩተሩ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ይፈልግ። ካለ፣ ፕሮግራሙና ላይብረሪው ሁለቱም 32 ወይም ሁለቱም 64 ቢት መሆናቸውን ያረጋግጥ። ከዚያ በኋላ ላይብረሪው የሚጠራቸውን ሌሎች ይመርምር፤ ለዚህም በሊኑክስ «ኤልዲዲ»፣ በማክኦኤስ «ኦቱል» የተባሉት ትእዛዞች ዝርዝሩን ያሳያሉ። «ኤልዲዲ» አንዳንድ ጊዜ የሚመረመረውን ፕሮግራም ሊያስነሣው ስለሚችል፣ በማይታመን ፕሮግራም ላይ መጠቀም አይገባም። እንደ አዲስ መጫን የመጨረሻው እርምጃ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም።

የዕቅድ አውጪው ድርሻ ከዚህ ይሰፋል። በአንድ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ በልዩ ልዩ ጊዜ የተገዙና በርዳታ የተገኙ ማሽኖች ሲቀላቀሉ፣ ከላይ የተዘረዘሩት ስሕተቶች ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰበሰባሉ። ስለሆነም ማሽኖቹ ሲመዘገቡ ቍጥራቸው ብቻ ሳይሆን የሥርዓተ ክወናቸው እትምና የፕሮሰሰራቸው ዓይነት አብሮ ቢመዘገብ ተገቢ ነው። የማስተማሪያ ፕሮግራም ከመመረጡ በፊትም የሚጠራቸው ላይብረሪዎች ዝርዝር ሊጠየቅና ከሁሉ በሚያረጀው ማሽን ላይ ሊሞከር ይገባል። ሙከራው ፕሮግራሙን በሠራው ሰው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ተደርጎ ከሆነ እንደ ሙከራ አይቈጠርም።

ኢንተርኔት በማይደርስበት ወይም በሚቋረጥበት ትምህርት ቤት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሊኑክስ የጥቅል አስተዳዳሪዎች የሚጐድለውን ላይብረሪ ራሳቸው የሚያመጡት መረቡ ሲኖር ነው። መረቡ ከሌለ ጥቅሎቹ ከነሰንሰለታቸው አስቀድመው በፍላሽ ዲስክ መሰብሰብ አለባቸው። የዊንዶውሱ የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ጥቅልም በ32 ቢቱና በ64 ቢቱ ዓይነት ተይዞ መሄድ ይኖርበታል። ለአማርኛ ንባብ ቴሰራክትን የሚጭን ባለሙያ የአማርኛው የመረጃ ፋይል ከላይብረሪዎቹ የተለየ መሆኑን፣ የሚፈለግበትም መንገድ የራሱ እንደሆነ መርሳት የለበትም።

8. መደምደሚያ

ከላይ ከተመለከተው መረዳት እንደሚቻለው፣ ሦስቱ ሥርዓተ ክወናዎች የሚለያዩት በመሠረተ ሐሳብ ሳይሆን ፕሮግራሙ ስለሚፈልገው ላይብረሪ በሚመዘግበው ነገር ነው፤ አንዱ ስምን፣ ሁለተኛው ስምንና እትምን፣ ሦስተኛው አድራሻን ይመዘግባል። ይህን ልዩነት የተረዳ መምህር የስሕተቱን መልእክት እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ ጥያቄ ያነበዋል፤ «ማን፣ ምንን፣ የት ፈለገ?» ብሎም ይጠይቃል። ለጥያቄው መልስ ባገኘ ቍጥር «ተበላሽቷል» ተብሎ ከጥግ የተቀመጠ ኮምፒዩተር ወደ ተማሪዎቹ ጠረጴዛ ሊመለስ ይችላል።